ሰባት ቤት

«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ አጭር ነው፤ ፍርዱ ግን ከባድ ነው። ልጅ ያልበላውን ይከፍላል፤ እጅም ያላቆሸሸውን ይጠርጋል። የቀደሙት ይህን ሲናገሩ በልባቸው የነበረው በብድር የተወሰደ እህልና ብር ይመስለኛል። እኔን ለብዙ ዘመን ሲያብሰለስለኝ የኖረው ግን ሌላ ዓይነት ዕዳ ነው፤ በዋስም በወረቀትም የማይታሰር፣ ከስም ጋር ብቻ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ዕዳ። ስለዚህ ዕዳ አጥርቶ የጻፈውን ሰው ያገኘሁት ከአገሬ እጅግ ርቄ በአሜሪካ መጻሕፍት መካከል ነው። ስሙ ናትናኤል ሃውቶርን ይባላል።

እኛ ዘር ቆጣሪዎች ነን። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ከዚያ በታች የተገናኙ ሁለት ወጣቶች ቢዋደዱም ዘመድ ናቸውና አይጋቡም። ለርስትም እንቆጥር ነበር፤ ርስት ጠያቂው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ሐረጉን እየዘረዘረ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ወጥቶ «እኔም የእርሱ ልጅ ነኝ» ይል ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ያንን ሙግት ቢዘጋውም ቆጠራው ከአፋችን አልጠፋም። ስማችን ራሱ አጭር የትውልድ ሐረግ ነው፤ የራሳችን፣ የአባታችን፣ የአያታችን ስም ተከታትሎ ይጠራል። በአሜሪካ ግን አንዱ የቤተሰብ ስም እንደ ጋቢ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ይኖራል፤ በውስጡ ማን እንደ ነበረ ለማወቅ መዝገብ መክፈት ያስፈልጋል። የጥምቀት መዝገብ፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ የመሬት ውል፣ የችሎት ቃለ ጉባኤ፣ የመቃብር ድንጋይ፤ የቀድሞዎቹን የአሜሪካ ሰፋሪዎች ዘር የሚቆጥር ሰው እነዚህን እያገላበጠ ይውላል። ዘመን አቆጣጠራቸውም ቢሆን ለኛ አዲስ አይደለም። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ስለ ነበረ፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የተጻፈ ሰነድ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመተ ምሕረት ተሸክሞ ይገኛል። በሁለት አቆጣጠር መካከል የሚኖር ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንዲህ ያለውን ገጽ ሲያይ ፈገግ ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያላልሁባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስኪ የዚህን ደራሲ ሐረግ እንደ አገራችን ልማድ ከታች ወደ ላይ እንቁጠረው።

ናትናኤል ሃውቶርን ጁላይ 4 ቀን 1804 በማሳቹሴትስ የወደብ ከተማ በሴለም ተወለደ። አባቱ፣ እርሱም ናትናኤል የተባለ፣ የመርከብ አዛዥ ነበር። በ1808 ሱሪናም ላይ በቢጫ ወባ ሞተ፤ ልጁ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የአባት መቃብር ባሕር ማዶ ቀረ፤ እናትም ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ገባች። አያቱ ዳንኤል «ደፋሩ ዳንኤል» እየተባለ የሚጠራ ነበር፤ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የእንግሊዝን መርከቦች እንድትማርክ ፈቃድ የተሰጣት የግል መርከብ አዛዥ ሆኖ ተዋግቷል፤ በ1778 ፌር አሜሪካን በተባለችው መርከቡ ስላደረገው ውጊያም ዘፈን ወጥቶለታል። ቅድመ አያቱ ጆሴፍ ገበሬ ነበር። ስለ እርሱ የሚነገር ብዙ ነገር የለም፤ አረሰ፣ ወለደ፣ በ1762 ሞተ። በየሐረጉ እንዲህ ያለ አንድ ዝምተኛ ሰው አይጠፋም፤ ቆጣሪውም ብዙ ጊዜ ሳይቆምበት ያልፋል። እኔ ግን በጆሴፍ ላይ ጥቂት እቆማለሁ፤ ምክንያቱም የአባቱን ስም ሳነብ ዝምታው ትርጉም ያለው ይመስለኛል።

አራተኛው ጆን ሃቶርን ነው። በ1641 ተወልዶ በ1717 የሞተ፣ ነጋዴና ዳኛ። በ1692 የሴለም መንደር ልጃገረዶች በማይታይ እጅ ተያዝን፣ ተቆነጠጥን፣ ተወጋን ብለው ሲጮኹ፣ የተከሰሱትን ሰዎች ከፊቱ አቁሞ የመረመረው ይህ ሰው ነው። ማርች 1 ቀን ከባልደረባው ከጆናታን ኮርዊን ጋር ተቀምጦ ሦስት ሴቶችን ጠየቀ፤ ሣራ ጉድ፣ ሣራ ኦዝቦርን፣ ቲቱባ። የምርመራው ቃል እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በዚያ ገጽ ላይ የሚያስደነግጠኝ ዳኛው ጮኾ መሳደቡ አይደለም፤ አልተሳደበም። የሚያስደነግጠኝ የጥያቄው አሠራር ነው። «ከርኩስ መንፈስ ጋር ተዋውለሻል ወይ?» ብሎ አልጀመረም፤ የተዋዋለችው ከየትኛው መንፈስ ጋር እንደ ሆነ ነው የጠየቀው። ሕፃናቱን ለምን እንደምትጎዳ ይጠይቃል እንጂ መጉዳት አለመጉዳቷን አይጠይቅም። ፍርዱ ከጥያቄው በፊት አልቋል። በዚያ ዓመት 19 ሰዎች በስቅላት ሞቱ፤ ጋይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ፤ ሌሎችም በእስር ቤት አለቁ። ከተሰቀሉት አንዷ ያች ሣራ ጉድ ናት፤ አራት ዓመት ገደማ የሆናት ልጇም ተመርምራ ለወራት ታስራለች።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1697፣ ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ሲዋል ቦስተን በሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተነሥቶ ቆመ፤ የጸጸት ቃሉም በምእመናኑ ፊት ተነበበለት። ከጆን ሃቶርን እንዲህ ያለ ቃል አልተመዘገበም። ከዚያ በኋላ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኝነት ወጣ፤ በሰላም አርጅቶ ሞተ፤ በሴለም በቻርተር ጎዳና መቃብር ተቀበረ።

አምስተኛው፣ ከእንግሊዝ አገር የተሻገረው የመጀመሪያው አባት፣ ዊልያም ሃቶርን ነው። በ1630ዎቹ መጀመሪያ ወደ ማሳቹሴትስ መጣ፤ በ1636 ሴለም ገባ። ሻለቃ፣ ዳኛ፣ የሕዝብ እንደራሴ፣ ከቅኝ ግዛቲቱ የመጀመሪያ አፈ ጉባኤዎች አንዱ ነበር። በእኛ አነጋገር አቅኚ አባት ማለት ነው፤ ርስት ጠያቂ ቢኖር ኖሮ ቆጠራው የሚያቆመው በእርሱ ላይ ነበር። ነገር ግን ይኸው ሰው በእምነታቸው ከፒዩሪታኖቹ የተለዩትን ኩዌከሮች ያሳድድ ነበር። በ1662 አን ኮልማን የተባለች ኩዌከር ሴት በሴለም፣ በቦስተንና በዴድሃም ጎዳናዎች እየተነዳች እንድትገረፍ አዘዘ። የኩዌከሮችን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ሰሌዳቸው ላይ ስሙን አስቀሩት፤ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ልጁ አነበበው።

የእናቱ ወገን ሌላ ታሪክ አለው። እናቱ ኤልሳቤጥ ማኒንግ ትባላለች። በ1681 ከማኒንግ ቤተሰብ ሁለት እኅትማማቾች፣ አንስቲስና ማርጋሬት፣ ከወንድማቸው ጋር በዝምድና ዝሙት ተከሰው ተፈረደባቸው። ወንድምየው ሸሸ። ሴቶቹ ግን በሴለም ጸሎት ቤት መካከል በረጅም በርጩማ ላይ፣ ወንጀላቸው በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት በራሳቸው ላይ ተደርጎ፣ በጉባኤ ፊት እንዲቀመጡ ተወሰነ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በአባቱ በኩል የፈረዱት፣ በእናቱ በኩል ፊደል የተለጠፈባቸው። የሁለቱም ደም በአንድ ልጅ ሥር ውስጥ ተገናኘ። በጉባኤ ፊት ፊደል ለብሳ ስለ ቆመች ሴት ዓለም የማይረሳውን ልብ ወለድ የጻፈው ይኸው ልጅ ነው።

*  *  *

ናትናኤል በ1825 ከቦውደን ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ሴለም ተመለሰ፤ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በእናቱ ቤት ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ተቀምጦ አነበበ፣ ጻፈ። በሴለም ከነበረ አንድ ቤተ መጻሕፍት በአክስቱ ድርሻ እየተዋሰ የቅኝ ግዛቱን ዘመን ታሪኮች አገላበጠ። በእነዚያ ዓመታት ከስሙ ላይ አንድ ነገር ለወጠ። አባቶቹ «ሃቶርን» ነበሩ፤ እርሱ አንዲት ፊደል ጨመረና «ሃውቶርን» ሆነ። በእኛ ፊደል ብንጽፈው የጨመራት አንዲት «ው» ናት።

ለምን ጨመራት? ብዙዎች ከዳኛው አባቱ ለመራቅ ነው ይላሉ። ምክንያቱን ራሱ ጽፎ አልተወልንም። እኔ ግን ሽሽት ነው ለማለት አንደበቴ አይደፍርም፤ ከስሙ የሚሸሽ ሰው ስለ ስሙ በአደባባይ አይጽፍምና። ሃውቶርን በ1850 ባሳተመው «ቀዩ ፊደል» መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ በሴለም ጉምሩክ ቤት ስለ ሠራበት ጊዜ ሲተርክ፣ ሁለቱን አባቶቹን በግልጽ ያነሣቸዋል፤ ገራፊውንም፣ ጠንቋይ ፈራጁንም። በዚያም ላይ፣ እነርሱ ተጸጽተው እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ልጃቸው ነኝና ውርደቱን በራሴ ላይ እወስዳለሁ፤ በእነርሱ ምክንያት የመጣ እርግማን ካለም እንዲነሣልን እለምናለሁ የሚል አሳብ አስፍሯል። ይህን የጻፈው ጆን ሃቶርን ከሞተ 133 ዓመት በኋላ ነው። አንዲቱ ፊደል እንግዲህ ለእኔ የበር መዝጊያ አይደለችም፤ በዕዳው ወረቀት ግርጌ የገባች ፊርማ ናት።

ይህን ገጽ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ሰባት ቤት አስቆጥሮኛል። እያንዳንዱ ስም ቅጽል ነበረው። አንዱ ዓድዋ የዘመተ ነው፤ አንዱ የደብሩን ቅጥር ያሠራ፤ አንዱ በቅኔው የታወቀ። አራተኛው ስም ላይ ሲደርስ ግን አባቴ ቅጽል አይጨምርም፤ ስሙን ብቻ ጠርቶ ፈጠን ብሎ ያልፋል። አድጌ አሮጊት አክስቴን ጠየቅኋት። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ነገረችኝ። ያ ሰው አጥቢያ ዳኛ ነበር፤ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ርስት በእርሱ ፊት ሲሟገቱበት ምስክር ሳይሰማ ፈረደ፤ ጥቂት ቆይቶ መሬቱ ወደ እኛ ቤት ገባ። ያ መሬት አባቴን አሳድጎታል። የሴትዮዋ ልጅ ልጆች ዛሬም ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ፤ ለቅሶ ሲሆን በአንድ ድንኳን እንቀመጣለን፤ ንፍሮም አብረን እንበላለን። እነርሱ የሴትዮዋን ስም ሲቆጥሩ ቅጽል እንዳላት አልጠራጠርም።

በእኛ ዘንድ ቆጠራ ክብር ነው። ጀግናው ይነሣል፤ ቀዳሹ ይነሣል፤ ነጣቂው በስሙ ብቻ ታልፎ ይኬዳል። ሃውቶርን ያደረገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ጀግና አያት ነበረው፤ ዘፈን የወጣለት የባሕር ሰው። ስለ እርሱ ልብ ወለድ ሊጽፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን በሐረጉ ላይ ጣቱን ሲያወርድ፣ እኛ ፈጥነን የምናልፈው ስም ላይ ቆመ።

በ1851 ያወጣው «ባለ ሰባት ጣሪያው ቤት» የተባለው ልብ ወለድ ከዚሁ የወጣ ነው። ኮሎኔል ፒንቾን የተባለ ኃያል ሰው የድኻውን የማቲው ሞልን መሬት ይመኛል፤ ሞል በጥንቆላ ተከሶ ይሰቀላል፤ መሬቱም ወደ ኮሎኔሉ እጅ ይገባል። ሟቹ ከመስቀያው ሥር ሆኖ ይረግመዋል። እርግማኑ የፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በ1692 ሣራ ጉድ ልትሰቀል ስትል ለአንድ ቄስ ከተናገረችው እርግማን የተወሰደ ነው። በተነጠቀው መሬት ላይ ሰባት ሹል ጣሪያ ያለው ቤት ይሠራል፤ የባለቤቱ ልጆችና የልጅ ልጆች በዚያ ቤት ውስጥ እየከሰሙ ይሄዳሉ። እኛ ሰባት ቤት ስንል ሰባት ትውልድ ማለታችን ነው፤ እርሱ ሰባቱን ጣሪያ በአንድ ቤት ላይ ሰካቸው። የእኛን አነጋገር ሳያውቅ እንዲህ መግጠሙ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መጽሐፉ እንደ ወጣ ፒንቾን የሚባል ስም ያላቸው እውነተኛ ሰዎች «አባቶቻችንን ሰደብህ» ብለው በደብዳቤ ወቅሰውታል። የሞልን ነገር አንሥቶ ያልተወቀሰ ሰው የትም የለም ማለት ነው።

*  *  *

ሃውቶርን ከ1853 እስከ 1857 በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ ሠራ። በዚያ ሳለ፣ በእንግሊዝ አገር ቤተ መንግሥትና ሰፊ ርስት ይገባናል የሚሉ አሜሪካውያን ወደ ቢሮው ይመጡ እንደ ነበር በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ላይ በቀልድ ይተርካል። እርሱም ግን ከዚያ ናፍቆት ነጻ አልነበረም። በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እየዞረ ስሙ የተቀረጸበት አንድ የመቃብር ድንጋይ ለማግኘት እጅግ ይመኝ ነበር፤ ይህንንም በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎታል። አላገኘም። በመጨረሻ ዘመኑ የአባቶቹን ቤት ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ስለሚሄድ አሜሪካዊ ልብ ወለድ ደጋግሞ ጀመረ፤ አንዱንም ሳይፈጽም በሜይ 1864 ሞተ።

መዝገቡ የተገኘው ከሞቱ በኋላ በ1880ዎቹ ነው። ሄንሪ ዋተርስ የተባለ የሴለም ተወላጅ፣ የአሜሪካ ሰፋሪዎችን ሥር ከእንግሊዝ አገር ኑዛዜዎች እየፈለገ ሲያወጣ፣ የዊልያም ሃቶርንን አባት በበርክሻየር አውራጃ በቢንፊልድ አገኘው። ባለ ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ የራሱን ማሳ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ደራሲው ለዓመታት የፈለገው ደጅ ይህ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ዝምተኛው ጆሴፍ ታወሰኝ፤ ከላይም ገበሬ፣ ከመካከልም ገበሬ። ሁለቱ ዳኞች የመጡት በሁለት ማረሻ መካከል ነው።

ሰባተኛው ቤት የናትናኤል ልጆች ናቸው፤ ሦስት ነበሩ። ወንዱ ጁልያን ደራሲ ሆነ፤ በ1913 ግን በአክሲዮን ሽያጭ ማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ። እስካሁን በሐረጉ ውስጥ ፈራጅ እንጂ ፍርደኛ የሃቶርን ወንድ አልነበረም። ታናሺቱ ሮዝ በ1851 ተወለደች፤ «ባለ ሰባት ጣሪያው ቤት» በወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። በ1896 በኒው ዮርክ የድኾች ሰፈር ገብታ፣ ሰው ይጋባብኛል ብሎ የሚሸሻቸውን የካንሰር ሕሙማን በእጇ ማጠብ ጀመረች፤ ከጊዜ በኋላ መነኮሰች፤ ከሕሙማኑ ምንም ክፍያ የማይቀበል የመነኮሳት ማኅበር መሥርታ በ1926 ሞተች። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ፤ በ2024 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቅድስና በሚወስደው መንገድ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋታለች። የመጀመሪያው አባት የሴት ጀርባ በጅራፍ እንዲተለተል አዘዘ፤ ሰባተኛዋ የማታውቃቸውን ሰዎች ቁስል አጠበች። ሮዝ የአባቶቿን ዕዳ ልክፈል ብላ እንዳደረገችው የሚናገር ማስረጃ የለኝም፤ ከሃይማኖቷ እንደ ሆነ ራሷ ተናግራለች። ቢሆንም ቆጣሪ ነኝና ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ አልተውሁም።

በዚህ ሁሉ ቆጠራ መካከል ግን ሐረግ የሌላቸው ሰዎች አሉ። ቲቱባ ባሪያ ነበረች። ከአንድ ዓመት በላይ ታስራ በ1693 አንድ ሰው የእስር ቤቱን ወጪ ከፍሎ ወሰዳት፤ ከዚያ በኋላ ስሟ ከመዝገብ ጠፋ። አባቷን፣ አያቷን የሚቆጥርላት የለም። ጆን ሃቶርን ግን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዚያው መቃብር አጥር ጥግ በ1992 ለሟቾቹ መታሰቢያ ተሠርቷል፤ ለ20ዎቹ ሰዎች 20 የድንጋይ መቀመጫ፣ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሟች ስም። ዳኛውና የተፈረደባቸው ዛሬ ጎረቤታሞች ናቸው።

ኤልሳቤጥ ጆንሰን የተባለች ሌላዋ ሴት ደግሞ ተፈርዶባት ሳትሰቀል ቀረች፤ ፍርዱ ግን ከስሟ ላይ አልተነሣም ነበር። የማሳቹሴትስ መንግሥት ከ1711 ጀምሮ በየጊዜው የሌሎቹን ስም ሲያጠራ እርሷ ተረሳች። ልጅ አልነበራትምና «የእኔ ናት» ብሎ የሚጠይቅላት ዘር አልተገኘም። በመጨረሻ የጠየቁላት የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአሥራ አራት የማይበልጥ፣ በደም የማይዛመዷት። በ2022 ስሟ በሕግ ጠራ፤ 329 ዓመት ከቆየ ፍርድ በኋላ።

ተረታችን የአባት ዕዳ ለልጅ ይላል። እነዚያ ተማሪዎች ግን ዕዳው ለባዕድም እንደሚደርስ፣ ባዕድም ሊከፍለው እንደሚችል አሳዩን። ይህ ማለት ልጅ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። እኔ ልጄን ሰባት ቤት ማስቆጠር ጀምሬያለሁ፤ አራተኛው ስም ላይ ስንደርስ ቅጽሉን ነግሬዋለሁ፤ ከወንዙ ማዶ ያለችውንም ሴት ስም ከእርሱ ቀጥሎ እንዲጠራ አስተምሬዋለሁ፤ ዘመዳችን ባትሆንም። ልጁ «እርሷ ስንተኛ ናት?» አለኝ። ቁጥር አልሰጠኋትም።

አንባቢ ሆይ፣ እኛም አንድ ቀን ለአንድ ሕፃን ሰባተኛ ቤት እንሆናለን። ያ ሕፃን ስማችንን ሲጠራ ይቆምብን ወይም ፈጥኖ ይለፈን አናውቅም። የሚጨመርልንን ቅጽል ግን ዛሬ በየችሎቱ፣ በየቢሮው፣ በየድንበሩ እየጻፍነው ነው።